ባለ እንስራውን ተክል አዲስ አበባ መሀል ማሳደግ

ኔፔንተስ፣ ማለትም ነፍሳት በእንስራው አጥምዶ የሚበላው ተክል፣ አዲስ አበባ ላይ አይሆንም የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት የቆላውን ዓይነት ነው። እሱ እውነትም አይሆንም። ግን ኔፔንተስ ከ170 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ከነሱም ብዙዎቹ የደጋ ተክሎች ናቸው። ተራራ ላይ፣ ቀኑ ለስለስ ያለ ሌሊቱ ብርዳም በሆነበት ይኖራሉ። ቦርንዮ ደሴት ባለው የኪናባሉ ተራራ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ የሚበቅል ዝርያ አለ። እኛ ደግሞ መሀል ከተማ ሆነን ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ቀን ሃያ ምናምን ዲግሪ፣ ሌሊት አሥር ገደማ። በሞቃት አገር የሚኖሩ አብቃዮች ይቺን የሌሊት ብርድ ለማግኘት ማቀዝቀዣ ገዝተው ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይከፍሉበታል፤ እኛ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ይበቃናል።

ስለዚህ ስለ ሙቀት ብዙ አትጨነቁ። እዚህ ከተማ ኔፔንተስን የሚገድሉት የበጋው ደረቅ አየር፣ ማዕድን የበዛበት ውሃና በደግነት የሚደረግለት ፍግ ናቸው። እነዚህን ከተቆጣጠራችሁ ፒያሳ ግቢ ውስጥም ይሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያድጋል።

መጀመሪያ ግን፣ ኔፔንተስ ነው ወይ?

ነፍሳት የሚበላ ባለ እንስራ ተክል ብዙ ዓይነት አለ። ሻጩም ሁልጊዜ ለይቶ አያውቅም። የኔፔንተስ ምልክቱ እንስራው ያለበት ቦታ ነው። ቅጠሉን ከግንዱ ጀምራችሁ ተከተሉት። ሰፊው አረንጓዴ ክፍል ያልቅና ከጫፉ ላይ ቀጭን ጅማት ይወጣል፤ ጅማቱ ወደ ታች ወርዶ ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ እንስራው እዚያ ላይ ነው የሚሠራው። ብዙ ሰው አበባ ይመስለዋል። አበባ አይደለም፣ የዚያው ቅጠል ጫፍ ነው። አበባው ሌላ ነው፤ ረጅም ዘንግ ላይ የሚደረደር፣ ትንንሽ፣ ቡናማ ቀይ፣ ለዓይን ብዙም የማይስብ። ወንዱና ሴቷም በተለያየ ተክል ላይ ናቸው።

እንስራው ከመሬት ቀጥ ብሎ እንደ ቀንድ የሚወጣ ከሆነና ጅማት የሚባል ነገር ከሌለው የያዛችሁት የሰሜን አሜሪካው ሳራሴኒያ ሊሆን ይችላል። እሱ አያያዙ ፈጽሞ ሌላ ነው። እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ መቆም ይወዳል፣ ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል፣ በዓመት ለጥቂት ወራት ደግሞ እኛ ጋ የማይገኝ ረጅም የብርድ እንቅልፍ ያስፈልገዋል። መሬት ላይ ተጠጋግተው የሚበቅሉ አውራ ጣት የምታህል እንስራ ያላቸው ደግሞ የአውስትራሊያው ሴፋሎተስ ናቸው። አሪስቶሎኪያ የሚባለው የሐረግ አበባም ጋን ጋን ይመስላል፤ ዝንብም ለጊዜው ያስራል፤ ግን ለመራባት እንጂ ለመብላት አይደለም፣ ይለቃታል።

የእንስራውን ክፍሎች ማወቅ ይጠቅማችኋል፤ ዝርያ የሚለየው በነሱ ነውና። ከላይ ክዳን አለ። ክዳኑ ዝናብ እንዳይሞላው ይከላከላል እንጂ ነፍሳት ሲገቡ ክድን አይልም፤ በካርቱን ያያችሁትን እርሱት። አፉ ዙሪያ ያለው ሽንትር ሽንትር ያለ ቀለበት ከንፈሩ ነው። ዋናው ወጥመድ እሱ ነው፤ ውሃ ሲነካው ስስ የውሃ ንጣፍ ይይዝና የጉንዳን እግር የሚቆናጠጠው ያጣል። ተንሸራታ ትገባለች። ከውስጥ ግድግዳው በብዙዎቹ ላይ ሰም አለው፣ ከታች ደግሞ ኢንዛይም ያለበት አሲዳማ ፈሳሽ። ተክሉ ከዚያ የሚፈልገው በዋናነት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው እንደማንኛውም ተክል ከብርሃን ነው፣ ይሄን አትርሱ፤ ዝንብ እየሰጡ ጨለማ ክፍል ውስጥ ማቆየት አይሠራም።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። አንዱ ተክል ሁለት ዓይነት እንስራ ያወጣል። ልጅ ሳለ ከመሬት አጠገብ የሚያወጣቸው ደምበል ያሉ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ፊታቸው ላይ ሁለት ፀጉራም ክንፎች አሉ፣ ጅማቱም የሚያያዘው በፊት ለፊት በኩል ነው። አድጎ መውጣት ሲጀምር እንስራው ይቀጥንና ጥሩንባ መሰል ይሆናል፣ ክንፉ ይጠፋል፣ ጅማቱ ወደ ኋላ ይዞርና ያገኘው ነገር ላይ ይጠመጠማል። ስለዚህ «የገዛሁት ተክል ተቀየረብኝ» ከማለታችሁ በፊት ቁመቱን እዩ። ፎቶ ልካችሁ ዝርያውን ስታስጠይቁም የታችኛውንም የላይኛውንም እንስራ አንሱ፤ በአንዱ ብቻ የሚነገር መልስ ግምት ነው።

የትኛውን ልያዝ?

ለጀማሪ ቬንትራታ። ዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው ድቅል እሱ ነው፤ እንስራው አረንጓዴና ቀይ፣ ወገቡ ትንሽ ገባ ያለ። ብርዱንም ሙቀቱንም ይችላል፣ የአያያዝ ስህተትም ይታገሣል። አንዱ ወላጁ ቬንትሪኮሳ የፊሊፒንስ የደጋ ተክል ነው፣ ራሱም ለአዲስ አበባ ይስማማል፤ የሚታወቀው መሀሉ ላይ ጥብቅ ብሎ በታሰረ ወገቡና በቀላ ከንፈሩ ነው። ሳንጉዊንያ የሚባለው የማሌዥያው ደግሞ ረጅም ለስላሳ እንስራ አለው፣ ቀይ ወይም ቢጫ አረንጓዴ። ማክሲማ ከተገኘ አሪፍ ነው፤ ክዳኑን ገልብጣችሁ ስታዩ ከሥሩ በኩል ሹል ጉጥ ካለው እሱ ወይም የሱ ዘር ነው።

የማይሆኑትንም ልንገራችሁ። አምፑላሪያ፣ ክብ ድስት የመሰለ እንስራ ያለውና ክዳኑ ትንሽ ሆኖ ወደ ኋላ የተገለበጠው፣ የቆላ ነው። ራፍሌሲያናም እንዲሁ። ቢካልካራታ ከክዳኑ ሥር እንደ እባብ ጥርስ ሁለት ሹሎች አሉት፤ በፎቶ ያማልላል፣ ግን ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ የሚከፋው ተክል ነው። እነዚህን አዲስ አበባ ላይ ለማቆየት የሚሞቅ የመስታወት ሣጥን ያስፈልጋል። መብራት በሄደ ቁጥር ልባችሁ አብሮ ይሄዳል። ሚራንዳ የሚባለው ትልቅ ነጠብጣባም ድቅል መሀል ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ሞቅ ያለ ጥግ ካገኘ ይኖራል፣ በረንዳ ላይ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ይቆማል።

ራጃህ የሚባለውን፣ ከሦስት ሊትር በላይ ውሃ የሚይዝ እንስራ ያለውን፣ በኢንተርኔት ርካሽ ዘር የሚሸጥላችሁ ካለ እንዳትሸወዱ። በኪናባሉና ጎረቤቱ ባለው ተራራ ብቻ የሚገኝ፣ ንግዱ በጥብቅ የተከለከለ ተክል ነው። አጠቃላይ የኔፔንተስ ወገንም ሳይተስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ ተክሎችና እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ነው፤ ራጃህና የህንዱ ካሲያና በጥብቁ መዝገብ አንድ ላይ፣ የቀሩት በመዝገብ ሁለት። ከውጭ ለማምጣት ያሰበ ሰው ከላኪው አገር የሳይተስና የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ወረቀት ማሟላት፣ እዚህም የማስገቢያ ፈቃዱን ቀድሞ መጨረስ አለበት። በሻንጣ ጠቅልሎ ማምጣት ቦሌ ላይ ጣጣ ነው፣ ተክሉም ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ከሁሉ የሚቀለው ቀድሞ ከያዘ ሰው ቁራጭ መለመን ነው። አቆራረጡን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

አፈር ያልሆነ አፈር

መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡት ልጆች የሚያዘጋጁት ድብልቅ ለጽጌረዳ ጥሩ ነው፤ ለኔፔንተስ መርዝ ነው። ጥቁር አፈር የለም። ፍግ የለም። ኮምፖስት የለም። ዳፕና ዩሪያም የለም። ሥሩ ቀጭንና ጥቁር፣ በቀላሉ የሚበጠስ ነው፤ የለመደው ምንም ምግብ የሌለበትን ኮምጣጣ መሬት ነው። ወጥመድ የሠራውም ለዚህ ነው።

የሚታወቀው ድብልቅ ስፋግነም የሚባለው የደረቀ የረግረግ ሽበት (ሞስ) እና ፐርላይት የሚባለው ነጭ ቀላል ጠጠር፣ እኩል በእኩል። ፐርላይትና ፒት ሞስ (ረግረግ ውስጥ በከፊል የበሰበሰ ሽበት) የግብርና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ይገኛሉ፤ የአበባ እርሻዎች ስለሚጠቀሙባቸው። ስፋግነም ካጣችሁ ፒት ሞስ አንድ እጅ፣ ፐርላይት አንድ እጅ አድርጉ። ፐርላይት ከተወደደ ፑሚስ አለላችሁ፤ ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ያ ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ። ለጥቂት ብር ከረጢት ሙሉ ይሰጧችኋል። አተር የሚያክለውን ለዩና ዱቄቱ እስኪለቅ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ሲሚንቶ የነካው እንዳይሆን ብቻ አይታችሁ ውሰዱ። ኮኮፒትም (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ) ይሆናል፤ ግን ብዙ ጊዜ ጨው አለበት። በንጹሕ ውሃ እየዘፈዘፋችሁ፣ እየደፋችሁ፣ እንደገና እየዘፈዘፋችሁ ነው የምትጠቀሙት።

ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ ከታች በደንብ የተበሳ። የሸክላ ማሰሮ ያምራል፣ ግን ጨው ይይዛል፣ በበጋም ቶሎ ያደርቃል።

ውሃው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ተክል የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። ኔፔንተስ የሚፈልገው የሟሟ ማዕድን እጅግ ያነሰበት ውሃ ነው። በቲዲኤስ መለኪያ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን በምትለካው፣ ከ50 በታች ከሆነ ደስ ይለዋል፣ እስከ 100 ይታገሣል፣ ከዚያ በላይ ቀስ በቀስ ጨው ይከማችና የቅጠሉ ጫፍ ይጠቁራል። መለኪያዋ ትንሽ የኪስ መሣሪያ ናት፤ ኤሌክትሮኒክስ ቤቶች ጠይቁ። የቧንቧችሁን ውሃ ለኩ። አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው ከተለያየ ቦታ ነው፤ የለገዳዲና የገፈርሳ የግድብ ውሃ አለ፣ የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ አለ፣ የጉድጓዱ ማዕድን ይበዛዋል። እናንተ ሰፈር የሚደርሰው የትኛው እንደሆነ በግምት አይታወቅም። ለኩት።

ውሃውን አሳድሮ መጠቀም ክሎሪኑን ይቀንሳል፣ ማዕድኑን ግን ንክችም አያደርገውም። ማፍላትም መፍትሔ አይደለም። የታሸገ ውሃ ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ዝርዝር አንብቡ፤ «የተፈጥሮ ማዕድን» ብሎ የሚኩራራውን ተዉት። የመኪና ባትሪ ውሃ የሚባለውን ለመግዛት የምታስቡ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ንጹሕ የተጣራ ውሃና የባትሪ አሲድ አንድ መደርደሪያ ላይ ይሸጣሉ።

ከሁሉ የሚሻለው ከሰማይ በነጻ ይወርዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም አዲስ አበባ ላይ የዝናብ ውሃ ችግር የለም፤ ችግሩ ማስቀመጫ ነው። ቆርቆሮው አቧራውን እንዲያራግፍ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች አሳልፉ፣ ከዚያ ሮቶ ያለው በሮቶ፣ የሌለው በጀሪካን ይሙላ። ጀሪካኑ ዘይት ወይም ሳሙና ያልነበረበት ይሁን፣ ክዳኑ ይገጠም፣ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፤ ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ይሆናል። ሁለት ሦስት ተክል ያለው ሰው አራትና አምስት ጀሪካን ካጠራቀመ በጋውን ጥሩ አድርጎ ይሻገራል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ጣሪያ የላችሁም፤ በረንዳው ጫፍ ላይ ሰፊ ሳፋ አስቀምጡ፣ የሐምሌ ዝናብ ይሞላዋል። ጎረቤት ምን ይላል የሚለውን ተዉት።

ስታጠጡ ከላይ አፍስሱና ከታች እስኪወርድ ጠብቁ። የወረደውን ድፉት። ሳህን ውስጥ ውሃ አቁሞ መተው ለሳራሴኒያ ነው፤ የኔፔንተስ ሥር አየር ይፈልጋል፣ ከቆመ ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። ላዩን በጣት ነክታችሁ እርጥብ ከሆነ ቆዩ፣ መድረቅ ሲጀምር አጠጡ። ጭርሱን እንዲደርቅ ግን አትፍቀዱ።

ብርሃን

የእኛ ፀሐይ በከፍታው ምክንያት ትጠብሳለች። የጠዋቷ ጥሩ ናት። ወደ ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ ወይም መስኮት ካላችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው ፀሐይ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ደማቅ ጥላ። ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ አረንጓዴውን የጥላ መረብ ዘርጉ፣ በተለይ በየካቲትና በመጋቢት። ምልክቱን ከቅጠሉ ታነባላችሁ። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከረዘመና ከለሰለሰ፣ ጅማቱም እንስራ ሳይሠራ ከቀረ፣ ብርሃን አንሶታል። ቀላ ካለና እንስራዎቹ ደማቅ ከሆኑ ተስማምቶታል። ነጭ ወይም ቡናማ ጠባሳ ካወጣ ተጠብሷል፣ ወደ ውስጥ አስገቡት። አዲስ ቤት የመጣ ተክል ወዲያው ፀሐይ ላይ አይወጣም፤ በየጥቂት ቀኑ ወደ ብርሃኑ ጠጋ ጠጋ ይደረጋል።

በጋ

ክረምት ላይ ምንም ማድረግ አይጠበቅባችሁም። ጭጋግ፣ ዝናብ፣ ቅዝቃዜ፤ ተክሉ አገሩ ያለ ይመስለዋል። ፈተናው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱ ይነሣል፣ ከሰዓት በኋላ የአየሩ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች የሚወርድባቸው ቀናት አሉ። ኔፔንተስ ደግሞ ከ60 በላይ ይወዳል። የመጀመሪያው ምልክት የሚታየው በእንስራው ላይ ነው። አዲስ የምትወጣው ፍሬ መሰል እንቡጥ ትንሽ አድጋ ትቆማለች፣ ትቡናለች፣ ትደርቃለች። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ሰው ደህና ነው ብሎ ይተወዋል።

በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ መርጨት የሚመክሩ ብዙ ናቸው። ለሩብ ሰዓት ያህል ነው የሚሠራው፤ ለሚረጨው ሰው ደስታ ይሰጣል እንጂ ለተክሉ ብዙ አይፈይድም። የሚሠራው ነፋስን መከልከልና እርጥበትን መያዝ ነው። ተክሉን ከበረንዳው ጠርዝ አንሥታችሁ ግድግዳ ጥግ አድርጉት፣ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ሌሎች ተክሎች መሀል አስገቡት፤ አብረው ሲሆኑ አየሩን እርስ በርስ ያረጥባሉ። ከሥሩ ጠጠርና ውሃ ያለበት ሰፊ ትሪ አድርጉ፣ ዕቃው ጠጠሩ ላይ ይቀመጥ እንጂ ውሃውን አይንካ። ብርሃን የሚገባበት መታጠቢያ ቤት ካላችሁ ከዚያ የተሻለ የበጋ ማረፊያ የለም። ትንንሽ ችግኞችን በግማሽ በተቆረጠ ሃይላንድ መሸፈን ይቻላል፣ ክዳኑን አውልቃችሁ አየር እንዲወጣ። አሮጌ የዓሣ መስታወት ያለው ሰው ደግሞ ተክሉን እዚያ ውስጥ አስቀምጦ አፉን በከፊል መሸፈን ነው፣ በቃ። ሙሉ በሙሉ አፍኖ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ግን ማብሰል ነው።

ይህም ሆኖ ጥርና የካቲት ላይ እንስራ ቢያንስ አትደንግጡ። ቅጠል እያወጣ እስከሆነ ድረስ ተክሉ ደህና ነው፣ ሰኔ ላይ ይክሳል። የብርዱን ነገር በተመለከተ፣ ሌሊት ወደ 5 ዲግሪ የሚጠጋባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ቀናት ቬንትሪኮሳን አይገድሉትም፣ ግን ማታ ማታ ወደ ውስጥ ብታስገቡት እድገቱ አይቋረጥም። የኮንስትራክሽን አቧራ በሚበዛበት ሰፈር ከሆናችሁ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ አልፎ አልፎ ጥረጉለት።

ስለ ምግብ

በረንዳ ላይ ካለ ራሱ ያድናል፤ ጉንዳንና ዝንብ የሌለበት ሰፈር አላውቅም። ቤት ውስጥ ከሆነ በወር አንዴ ሁለቴ ለአንድ እንስራ አንዲት ዝንብ ወይም ትንሽ በረሮ ይበቃል። በፍሊት የተገደለች አትሁን። ሥጋ አትስጡት፣ ቋንጣም ቢሆን፤ ይበሰብስና እንስራውን ይዞት ይሄዳል። እንግዳ ሲመጣ ልጆች ዳቦ የሚጨምሩበትን ቤት አይቻለሁ፣ ተቆጡ። በመንገድ ላይ ፈሳሹ የፈሰሰበት እንስራ ካለ ሩቡን ብቻ በንጹሕ ውሃ ሙሉት። አሮጌ እንስራ ከላይ ጀምሮ ሲደርቅ ያለ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲቡን ቁረጡት፣ ቅጠሉን ግን ተዉት።

ተባይ ብዙም አይበዛበትም። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር በቅጠሉ ብብት ውስጥ ካያችሁ በፋርማሲ አልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉ። የኒም ዘይት ይሠራል፣ ማታ ፀሐይ ከገባች በኋላ ቀቡት።

ቁራጭ ማራባት

ኔፔንተስ ሐረግ ነው፤ ከጊዜ ጋር ይረዝምና ከታች ይመለጣል። ያኔ መቁረጥ ለሁለቱም ጥሩ ነው፤ እናቲቱ ከሥር አዲስ ቡቃያ ታወጣለች፣ እናንተ ችግኝ ታገኛላችሁ። ከዘር ማብቀል ይቻላል፣ ግን ዘሩ ክር የምትመስል ቀጭን ናት፣ ትኩስነቷ ቶሎ ይጠፋል፣ ለዓመታትም መጠበቅ አለ። ቁራጭ ይሻላል።

ጊዜው የክረምቱ መግቢያ ነው፣ አየሩ ራሱ ይረዳችኋልና። ምላጭ በአልኮል ጥረጉ። ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ያለበት ግንድ በሰያፍ ቁረጡ፤ እንስራዎቹን አስወግዱ፣ ቅጠሎቹንም ግማሽ ግማሽ ቁረጧቸው፣ ሥር ሳይኖረው ብዙ ውሃ እንዳያጣ። ሥር የሚያወጣ ሆርሞን ካለ ነካ አድርጉት፣ ከሌለም ይሆናል። በእርጥብ ስፋግነም ጠቅልላችሁ ትንሽ ዕቃ ውስጥ አቁሙት፣ በሃይላንድ ወይም በነጭ ፌስታል ሸፍኑት፣ ደማቅ ጥላ ላይ አስቀምጡት። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። ሥር አወጣ ይሆን ብላችሁ አትንቀሉት፤ አዲስ ቅጠል መግፋት ሲጀምር ይታወቃል። ከዚያ ሽፋኑን በአንዴ ሳይሆን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ክፈቱ፣ መጀመሪያ ለሰዓት፣ ቀጥሎ ለግማሽ ቀን። የመጀመሪያዎቹ እንስራዎች ትንንሽ ይሆናሉ። ከጥቅምት በፊት ወደ ትልቁ ዕቃ ካዛወራችሁት በጋው ሲመጣ ሥሩ ዝግጁ ነው።